አንድ ሜትር ከሠላሳ

የካቲት 28 ቀን 2012፣ ቅዳሜ። አማን

ያው ቀን። መስኮት፣ ወለል፣ የማዳም ኪኒን፣ የማዳም ጩኸት። ከሰዓት በኋላ ግን አዲስ ሥራ ተጨመረልኝ... ቤተክርስቲያን መለካት። መጥረግ ቢሉኝ ይገባኛል። መለካት?

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ጀበል አማን የሚባለው ኮረብታ ላይ፣ ከቤታችን ቁልቁል ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ወርዶ፣ እንግሊዞች በጥንት ጊዜ ያሠሩት ቤተክርስቲያን አለ። ቅዱስ ኤዳን ይሉታል። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ዘንድሮ ሰማንያ አምስት ዓመቱ ነው ተብሎ ኮሚቴው ትንሽ የታሪክ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው። የሕንፃውን ምዕራፍ ማዳም ዊዳድ ትጽፋለች። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ደረጃ አይወርድም። እግሯ እኔ ነኝ።

ይሄ ሁሉ ጉጉት ለአባቷ ነው። ሙዓለም ኢልያስ የሚባሉ የድንጋይ ባለሙያ ነበሩ። ሕንፃው የሳቸው እጅ ሥራ ነው ትላለች። የኮሚቴው ሊቀመንበር ዶክተር ሐና፣ ጡረታ የወጣው ጥርስ ሐኪም (ሐና እዚህ የወንድ ስም ነው)፣ ደግሞ የሠራው ከኢየሩሳሌም የመጣ እንግሊዛዊ አርክቴክት ነው ባይ ነው። ንድፉ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል፣ አባትዎ የታዘዙትን ደረደሩ እንጂ ይላታል። "ከንድፉ የተለየ አንድ ነገር ያሳዩኝ፣ ስማቸውን አስገባለሁ።"

ማዳም ምን አለች? "አርክቴክቱ ሁለት ጊዜ ነው የመጣው። አንዴ ለመሠረቱ፣ አንዴ ለምሳ።"

ይህቺን ወደድኳት። ሌላው ግን... ለሞተ ሰው ስም ይሄ ሁሉ ግርግር? እኔ ገና በሕይወት አለሁ፣ አስናቀች እባላለሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "አስማ" እያለች ትጠራኛለች።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ለካሁ። ዘበኛው ጣሂር የሜትሩን ጫፍ ያዘልኝ። እየሳቀ። ይሳቅ።

በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ "እዚህ አያወልቁም" አለኝ። አውቃለሁ። ከነጫማቸው ገብተው፣ አግዳሚ ላይ እግራቸውን አነባብረው የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። እኔ አወለቅሁ። ታቦት ባይኖረውም መቼም የእግዜር ስም ተጠርቶበታል።

ሕንፃው? ክብ አይደል፣ ስምንት ማዕዘን አይደል። እንደ አውቶብስ ረጅም ነው። መንበሩ ፊት ለፊት ተገልጦ ይታያል፣ መጋረጃ የሚባል የለም። ከፊቱ የእንጨት ከለላ አቁመዋል፣ እሱም መሐሉ ሁሉ ቀዳዳ። ካልጋረደ ለምን ቆመ? ግድግዳው በናስ ሰሌዳ ተሞልቷል፦ ኮሎኔል እገሌ፣ የኮሎኔል እገሌ ባለቤት፣ የደወሉን ገመድ የሰጡት እመቤት። ገመድ! ገመድ ሰጥታ ስሟ በናስ ተጻፈ። ድንጋዩን የጠረቡት ግን አንዳቸውም የሉም። እዚህ ላይ ማዳም እውነቷን ነው፣ ምንም ባይዋጥልኝ።

ከመንበሩ በላይ ቀይ መብራት አለ። "ቀንና ሌሊት አይጠፋም" አለ ጣሂር። ቀና ብዬ ሳየው አምፖል ነው።

"ኤሌክትሪክ ሲሄድስ?"

"ያኔ ይጠፋል።"

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ማዳምን ጠየቅኋት፣ እንዲያው ነገር ስፈልግ።

"እናንተ ፕሮቴስታንት ናችሁ?"

"አይደለንም። ቁርባን አለን፣ ዕጣን አለን፣ ለእመቤታችን ሻማ እናበራለን።"

"ካቶሊክ ናችሁ?"

"አይደለንም። የሮማው ጳጳስ አያዙንም።"

"ታዲያ ምንድን ናችሁ?"

እንግሊዞቹ ከራሳቸው ቤተክርስቲያን ሳይወጡ የካቶሊክን ሥርዓት የወደዱ ነበሩ አለች። ሁለቱንም ፈለጉ ማለት ነው። እኔ ሁለት ነገር ስፈልግ "ተምዕ" ትለኛለች፣ ስግብግብ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ዛሬ ዋናውን አወጣችው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ የቀሳውስቱ ልብስ ከሚሰቀልበት ትልቅ ቁምሳጥን ጀርባ፣ በር አለ። ከበሩ ወደ ላይ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ። ከላይ ትንሽ ክፍል። በእንግሊዙ ንድፍ ላይ የለም፣ ሙዓለም ኢልያስ በራሳቸው ፈቃድ የጨመሩት ነው።

"ለምን ጨመሩት?"

"ስሙን ድንጋይ ላይ እንዳይቀርጽ ከለከሉት። እሱ ደግሞ በስሙ ፈንታ ደረጃ አስቀመጠ።"

አምስት ዓመቷ ሳለ ጣሪያ ሊጠግኑ ሲሄዱ በትከሻቸው ተሸክመው አውጥተዋታል። ደረጃው ከሥሩ ድጋፍ የለውም አለች፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ከግድግዳው ብቻውን ወጥቶ ነው የቆመው። ቁምሳጥኑ ከተገተረ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ያየው ሁሉ ሞቷል። ዶክተር ሐና "የልጅ ሕልም ነው" ይላታል።

"ሄደሽ ፈልጊልኝ አስማ። ፎቶ አንሺልኝ።" እጄን ያዘች። እጄን ይዛ አታውቅም... ደግሞ ምን ጉድ ሊመጣ ነው አልኩ በሆዴ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ጉዱ መጣ። ጠዋት ሳይረን ጮኸ። ማንም ከቤት አይወጣም። ወታደር መንገድ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ቄስ በመጨረሻው በረራ አገሩ ገብቷል፣ በጎቹን ለኮሮና ትቶ። ጣሂርም ሰሞኑን ቁልፉን ለማዳም አስረክቦ ዘርቃ ከተማ ቤቱ ሄዶ ነበር፣ እዚያው ቀረ።

ማዳም ዳቦ ቆጠረች፣ እኔ ሽንኩርት።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

በሥርዓት ልጻፈው።

ከአራት ሰዓት ጀምሮ በእግር መውጣት ተፈቅዷል። ቁልፉን ይዤ ወረድኩ። ቁምሳጥኑን በጀርባዬ ገፋሁት፣ በትከሻዬ ገፋሁት፣ ለመቀደሻ ልብሳቸው ይቅርታ ጠይቄ በእግሬ ገፋሁት። ተንቀሳቀሰ። በሩ አለ! ዝቅ ያለ፣ የእንጨት። ደረጃውም አለ። አሥራ አንድ ድንጋይ፣ ከግድግዳው ወጥቶ አየር ላይ የቆመ። ከሥሩ ምንም የለም። ለመርገጥ ፈርቼ በዳዴ ወጣሁ። ላዩ ክፍል ነው፣ ሁለት ሰው ያስተኛል፣ የትሪ ስፋት ያላት መስኮት አለችው። ንጹሕ። ደረቅ። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ሳያየው።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሳ ስል ጠራ። ሐሊማ።

ሐሊማ በአንድ አውሮፕላን አብራኝ የመጣች የወሎ ልጅ ናት፣ ዴር ግባር ሰፈር ሀብታም ቤት ትሠራ ነበር። ነበር። ጠዋት አስነጠሳት። ሴትዮዋ ሙቀቷን ለካቻት፣ ሠላሳ ስምንት። ሻንጣዋን ከበሩ ውጪ አስቀምጠው በሩን ዘጉት። ፓስፖርቷን የያዘው የቤቱ ሰውዬ ነው፣ ስልክ አያነሳም።

"አስኑዬ፣ ወታደሮቹ ካገኙኝ ያለ ወረቀት ያስሩኛል። በሽተኛ ናት ብለው የት እንደሚወስዱኝም አላውቅ። መንገድ ላይ ነኝ።"

"ወደኔ ነይ" አልኳት። ከአፌ ወጣ። ወዴት ነው "ወደኔ"? እኔ ራሴ በሰው ቤት!

ከዚያ ደረጃውን አየሁ።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ዛሬ ሙሉ ቀን መውጣት የለም። ውሃና ዳቦ ትናንት ትቼላታለሁ። ምንጣፍ ከዕቃ ቤቱ አወጣሁላት፣ የኮሎኔሉ ሚስት ስጦታ ሳይሆን አይቀርም።

ማዳም ከትናንት ጀምራ ትጠይቀኛለች። አይኗ ላይ ያለው ነገር...

"አገኘሽው?"

"የለም ማዳም። ግድግዳ ነው።"

"በደንብ አይተሻል?"

"ግድግዳ ነው።"

"በትከሻው ነበር የተሸከመኝ..." አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ምሳዋን አልበላችም።

ምን ላድርግ? ካወቀች ለሐና ትናገራለች፣ ሐና ከነፎቶግራፍ አንሺው ይመጣል፣ ሐሊማ ተይዛ ትሄዳለች፣ እኔም ደጅ። ነገሩ ግልጽ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው የሰው ትዝታ የሰረቅሁ የመሰለኝ?

መጋቢት 29፣ ማክሰኞ

ሐሊማ ድናለች። ለነገሩ ታማም ከሆነ። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ወረደ፣ ማስነጠሱ ምናልባት አቧራ ነው። ለዚህ ነው ሰው የጣሉት። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ምግቡን ደረጃው ሥር አስቀምጬ ስሸሽ ነበር፣ አፍንጫዬን አስሬ። ማዳምን ብገድላትስ? ይሄ ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል።

አሁን ቀን ቀን እየወረደች አብራኝ ትጠርጋለች። የእመቤታችንን ሐውልት ስታይ ደንግጣ ነበር። "ይቺ ማናት?" "ማርያም ናት፣ እናንተም ታውቋታላችሁ።" "እንዲህ ነጭ ናት?" ሳቅን።

ቂብላው በየት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዕድሜ ለማዳም፣ የዚህን ቤት ማዕዘን ከቄሱ በላይ አውቃለሁ። መንበሩ ምሥራቅ፣ ዕቃ ቤቱ ሰሜን። "ፊትሽን ወደ ኮሎኔሎቹ አድርጊ፣ ደቡብ ነው" አልኳት።

ማዳም አሁንም ታስለካኛለች። መስኮት፣ ምሰሶ፣ የግድግዳ ውፍረት። ውጪውን ልኪ፣ ውስጡን ልኪ። ልብ ስታደርቅ!

ሚያዝያ 11፣ እሁድ

ፋሲካ። ሰው የሌለበት ፋሲካ። ማዳም ከቴሌቪዥን ጋር አስቀደሰች፣ እኔ ከስልክ ጋር። እንቁላል ቀቅላ ቀለም ቀብታ አንዱን ሰጠችኝ። ሐሊማ በላችው።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

ተያዝኩ።

ማዳም ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። መነጽሯን አደረገች።

"የዕቃ ቤቱ ግድግዳ። በውጪ ዘጠኝ ሜትር ከሃያ። አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"አዎ።"

"በውስጥ ስድስት ሜትር ከሰባ። የጎንና የጎን ግድግዳው ስድሳ፣ ስድሳ ሳንቲም።" እርሳሷን አስቀመጠች። "አንድ ሜትር ከሠላሳ ጎደለኝ። የት ሄደ?"

እኔ ደንቆሮ! በአፌ ዋሽቼ በሜትር እውነቱን ስጽፍ ከርሜአለሁ። የድንጋይ ጠራቢ ልጅ መሆኗን ረሳሁት።

"አባቴ አልዋሸኝም" አለች። "አላለምኩም። አንቺ ነሽ የዋሸሽኝ።" አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት። ሐሊማን፣ ሻንጣውን፣ ፓስፖርቱን። ተነስታ መኝታ ቤቷ ገብታ ዘጋች።

ስልክ ስታነሳ ለመስማት ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆየሁ። አላነሳችም።

ሚያዝያ 16፣ ዓርብ

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ።

ዛሬ ረመዳን ገባ። ማታ ወጥ ቤት ጠራችኝ። ድስት ምስር ሾርባ ሠርታለች። እሷ! አሥራ አንድ ዓመት እሳት ለኩሳ አይቻት አላውቅም።

"ነገ ውሰጂላት። ጾመኛ ናት አይደል? ፀሐይ ስትጠልቅ ትብላ።" ከዚያ በሩ ላይ ዞር ብላ "ደረጃው... እንዴት ነው? ተሰንጥቋል?"

"አልተሰነጠቀም ማዳም። አንዱም።"

ራሷን ነቀነቀች። ሾርባው ጨው የሚባል የለውም። ጨው ጨመርኩበት፣ ለሐሊማ አልነገርኳትም።

ሚያዝያ 27፣ ማክሰኞ

ዛሬ ልባችን ሊወጣ ነበር፣ ያውም በጫማ።

እኔ እንደ ልማዴ ጫማዬን ከበሩ ውጪ አወለቅሁ። ሐሊማ የውጪውን ደረጃ ልትጠርግ ወጥታ ነበር፣ ስትመለስ እሷም የሷን አወለቀች። ወለሉ የእግዜር ነው ትላለች። እንዴት ደስ ብሎን ውስጥ ስንጠርግ... ዶክተር ሐና ለጤናው በእግሩ ሲንሸራሸር ይደርሳል። ከነጫማው የሚገባ ሕዝብ ባለበት አገር፣ የተዘጋ ቤተክርስቲያን በር ላይ ሁለት ጥንድ የሴት ጫማ ተሰልፏል!

አንኳኳ። ሐሊማ በአየር ደረጃው ላይ እንደ ድመት ወጣች። ቁምሳጥኑን ወደ ቦታው መልሼ ለሐና በሩን ከፈትኩለት።

"የማን ጫማ ነው?"

"የኔ።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

አንዱ ሠላሳ ስድስት ቁጥር ነው፣ አንዱ አርባ። ጥርስ ሐኪም ቢሆንም ዓይን አለው። ቀጥ ብሎ ወደ ማዳም ወጣ። ተከተልኩት። ሁለቱንም ጫማ በእጄ ይዤ፣ እንደ ሞኝ።

ሳሎን በሩ ላይ ማስኩን አድርጎ ቆመ። "ሲት ዊዳድ፣ ልጅቷ ሰው ታስገባለች።"

"አንዱ የውጪ ነው፣ አንዱ የውስጥ" አለች ማዳም፣ ቀና እንኳ ሳትል። "ኮሮና ነው፣ አልሰማህም? እኔ ነኝ ያዘዝኳት።"

ተንተባተበ። ግን አልሄደም። "እንግዲያው ሌላውን ጉዳይ እንጨርስ። የክፍሉን ወሬ በመጋቢት ለኮሚቴው ሁሉ ደውለው ነግረዋል። ለእሁድ ፈቃድ ያለው ግንበኛ አግኝቻለሁ። ቁምሳጥኑን አስነስቼ አብረን እናያለን። ካለ ስማቸውን በትልቁ እጽፋለሁ። ቃሌ ነው።"

ማዳምን አየኋት። ሰማንያ ዓመት የጠበቀችው ነገር ነው። አዎ ማለት ብቻ ነው። ግንበኛው ቁምሳጥኑን ይገፋል፣ ደረጃው ይወጣል፣ ሙዓለም ኢልያስ መጽሐፍ ላይ ይገባሉ። ሐሊማን ደግሞ እኔ እስከ እሁድ የሆነ ቦታ... የት? የትም የለም። ማዳምም ታውቃለች።

እርሳሷን አነሳች። አስቀመጠችው።

"ግንበኛ አታድክም" አለች። "ክፍል የለም። ልጅ ነበርኩ፣ ሕልም ነው። ልጅቷ ለክታዋለች፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። የእንግሊዙን ስም ጻፍ።"

ሐና ደስ አለው። ደስታውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም። "ትልቅነት ነው ሲት ዊዳድ፣ ስህተትን ማመን ትልቅነት ነው" እያለ ወጣ። ጫማውን ብወረውርበት!

ስንቀር ማዳም መስኮቱን እያየች ተቀመጠች። እኔ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ልጽፈው ስሞክር እንደገና አለቅሳለሁ። ለአባቷ ምንም አልሆንኩም፣ ለሷም ብዙ አልሆንኩም። ለማታውቃት ሴት አባቷን ሰጠች።

አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ደብተር "እሷ" ስላት ኖርኩ። ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው ናቸው። በአረብኛ አይታወቅም፣ እዚህ ይታወቅ።

ሐምሌ 9፣ ሐሙስ

ሐሊማ ዛሬ አገሯ ገባች። ቆንስላው የጉዞ ወረቀት ሰጣት፣ ከተመላሾቹ ጋር በረረች። ከመሄዷ በፊት ማዳምን ልታመሰግን መጣች። ማዳም በረንዳ ላይ ሆነው ከሩቅ አዩዋት።

"ስንት ደረጃ ነው?" አሏት።

"አሥራ አንድ፣ እመቤቴ።"

"አሥራ አንድ" አሉ። ፈገግ አሉ። ከኔ ብቻ መስማት አልበቃቸውም፣ ምስክር ፈለጉ። እኔ ውሸታሟ ምን ምስክር እሆናለሁ፣ እውነታቸውን ነው።

ወዲያው "አሁን ለሐና ይንገሩት" አልኳቸው። "መጽሐፉ ገና አልታተመም።"

"የዴር ግባሩ ሰውዬ ሌላ ሠራተኛ አስመጥቷል?"

"ሳያስመጣ ይቀራል?"

"እንግዲያው ዝም በይ።"

ጥር 15 ቀን 2013፣ ቅዳሜ

መጽሐፉ ታተመ። ስድሳ ገጽ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት። የዶክተር ሐና ፎቶ ሦስት ቦታ አለ። ገመድ የሰጠችው ሴትዮ አለች። ገጽ አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ "የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ከመጠን በላይ ወፍራም መሆኑ የአርክቴክቱን ጥንቃቄ ያሳያል።" ለማዳም ሳነብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ለምሳ የመጣው ሰውዬ ጥንቃቄ!

ስለዚህ እዚህ ይጻፍ። ሌላ ቦታ የለውም። የቅዱስ ኤዳን ቤተክርስቲያን፣ ጀበል አማን። ከዕቃ ቤቱ ቁምሳጥን ጀርባ በር አለ። ደረጃው አሥራ አንድ ነው፣ እያንዳንዱ ከግድግዳው ወጥቶ ብቻውን የቆመ፣ ሰማንያ አምስት ዓመት ያልተሰነጠቀ። ከላይ ክፍል፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን። የሠሩት ሙዓለም ኢልያስ ናቸው፣ የማዳም ዊዳድ አባት። ለኪዋ አስናቀች።

ትናንት ናጂያ የምትባል ልጅ ከስዌፍየህ ሰፈር መጥታለች። ከንፈሯ ያበጠ ነው፣ ማን እንደመታት አልጠየቅኋትም። ማዳም ሾርባ ሠርተዋል፣ አሁንም ጨው የለውም። እሁድ ቅዳሴ ሲኖር እንዳትንቀሳቀስ፣ ግድግዳውን ተደግፋ እንድትወጣ፣ ወደታች እንዳታይ አስጠነቀቅኋት።

በሩ ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። እኔም እንደ ልማዴ የራሴን።

"ይዘሽው ግቢ" አልኳት።